ሦስት ክሬዲት ከሰማይ

ነርስ ልሆን ነበር የተመዘገብኩት፤
ማን ጠየቀኝ ስለ ሥዕል፣ ስለ ጥንት?
ግን ዩኒቨርሲቲው ሕግ አለው የራሱ፤
ከየጓዳው ሁሉ ቅመሱ፣ ቅመሱ፦
አንድ ከሥነ ጥበብ፣ አንድ ከሰው ኑሮ፣
አንድ ከነላብራቶሪው ከተፈጥሮ።
ይህን ያላሟላ፣ ግፊት ቢለካም፣
ደም ሥር በጨለማ ቢያገኝም፣
ቆቡን አይደፋም።

ሚስ ኬስኪታሎ ቅጹን ዘርግታ፣
መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ፣
«ሳጥን ሳጥን አድርገሽ እዪው» አለች፤
«ባዶውን ሙዪ» ብላ ሣቀች።
«እኔ በጊዜዬ፣ ለዚሁ ሳጥን ብዬ
ሸክላ ተማርኩ፤ ይኸው ጽዋዬ።»
እርሳስ ይዟል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤
እርሳስ ለመያዝም ያጋደለ ነው፣ በእውነት።

የኔ መስፈርት ሌላ ነበር፤
ፍላጎት አይደል፣ ቁም ነገር፤
የአውቶቡስ ሰዓት ነው።
እስከ ዐሥር ሰዓት ከዓሣ ሱቁ አልወጣ፤
ማክሰኞ የእህቴን ልጆች እጠብቃለሁ ማታ፤
የቀረኝ ሐሙስ ምሽት ነው።
ፍልስፍና ሞልቷል።
የፊልም ታሪክ፣ ሠላሳ ሰው ወረፋ፤
ዳንስ ጠዋት ነው፤ አለቀ የኔ ተስፋ።

አባቴ ኤይኖ፣ የመርከብ ወጥ ቤት፣
በብረት ጫኝ መርከብ ሠላሳ ዓመት
ድንች የላጠ፣ አሁን ጉልበቱ ያመመው፣
የኮርሱን ዝርዝር እንደ ሜኑ ያዘው።
«የአፈር ጠባይ... አቤት! የሞት ልማድ... ይኼ ይከብዳል።
ንብና ሰው? ይኼን ደግሞ ማን ያስተምራል?»
ያነባል፣ ያነባል። ሾርባው ይቀዘቅዛል።
«አባዬ፣ የምማረው እኔ ነኝ» አልኩት።
ዝም አለ። ጣቱ ግን አልተነሣም ካረፈበት፦
ሥነ ፈለክ፣ መግቢያ። ሐሙስ ማታ። አንድ ቦታ።

ጠቅ አደረግሁ።
ትምህርቱ ሲያልቅ ግን አውቶቡስ የለም፤
የደሉዝ ዳገት በኅዳር በእግር አይሞከርም፤
ሐይቁ ሲነፍስ አጥንት ይቆጥራል።
ኤይኖ በዛገች ፒካፑ ያደርሰኛል፣
ኮሪደር ውስጥ ካለች ወንበር ይጠብቀኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተር ሙኒዝ በሩን
ከፍታ ተወችው፤ «ሙቀቱ በዛ» አለችን።
(አልበዛም። ማሞቂያው ተበላሽቶ
ሁላችን ካፖርት ለብሰን ነበር።)
በአምስተኛው፣ ወንበሯ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገባች።
በስምንተኛው የኋላ ረድፍ ላይ ነበረች።

አንድ ማታ ዶክተሯ ጠየቀች፦
«ሁሉ ሲዞር የሰሜን ኮከብ ለምን ቆመች?»
ማንም አልመለሰ። ከኋላ ጉሮሮ ተጠረገ።
«የምንዞረው እኛ ነን» አለ አባቴ፤
«የምድር ዘንግ ወደ እሷ ስለሚያመለክት ነው።
ልጣጭ ልደፋ ሌሊት ወደ መርከቡ ጠርዝ ስወጣ
ሌላው ሁሉ ሲሄድ ሲመጣ
እሷን እዚያው አገኛት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት።
ምክንያቱን ያወቅሁት ግን
ትናንት ነው፣ ገጽ ስልሳ ሁለት።»

መጽሐፉ የኔ ነበር።
እኔ ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ።

ጨረቃን ለአንድ ወር ሣሉ ተባልን፤
የኔን ደመና ሸፈነው፣ እንቅልፍም ጭምር።
የሱ ደብተር ግን ወደቡ ዳር ቆሞ
ሌሊት አልዘለለም፤ በደመናውም ቀን
ባዶ ክብ ሥሎ፣ ከሥሩ «አልታየችም» ብሎ ጽፏል፣
አስተካክሎ፣ ለማንም የማያሳየውን።

ሲ ፕላስ አገኘሁ። ሳጥኑ ተሞላ።
ሚስ ኬስኪታሎ ከጠማማው ጽዋ
እርሳስ መዝዛ ምልክት አደረገች፤
ለሱ ምልክት የሚሆን ሳጥን ግን አልነበራትም፤
እኔም አልጠየቅኋትም።

ስወጣ ፒካፑ ጢሱን እየተፋ
ይሞቃል። የመጪው ሴሚስተር ዝርዝር ጭኑ ላይ ነው፤
መነጽሩን እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፦
«እና» አለኝ፣ «ከየትኛው ነው የቀረን?»