አራት ማዕዘን

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ደሴ ላይ፣ ጥግ ይዤ
አሥራ ሦስት ዓመት ጻፍኩ፣ ለሰው ብሶት ታዝዤ።
ኮምፒውተሬ አሮጊት ናት፤ "ሰባት" ነው ዊንዶውሷ፣
የጦሳ ጉም የወረደ ለት ይከብዳታል ራሷ።
ግን ፊደሌን ታውቃለች፤ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ፣
ፀሐዩን ፀ ለይታ ታኖራለች ከጸሎቱ።

ነገር ያመጡብኝ ሁለት ናቸው።
አንዱ ባዘዘው ነው፣ መናፈሻ ጋ ሞባይል ጠጋኝ፤
"አሥራ አንድን ልጫንልህ" እያለ ነጋ ጠባ ወጋኝ።
"ሰባት እኮ ሞቷል፣ ጋሼ፤ ጠባቂ የለውም፤
ቫይረስ እንደ ግሪሳ ነው፣ ማሳህን አይተውም።"

ሌላው የእኅቴ ልጅ ነው፣ ሙሄ፣ ከኮምቦልቻ፣
ቴክኒክ ተምሮ የመጣ፣ "ሊኑክስ ሊኑክስ" ባይ ብቻ።
"ዊንዶውስ ማለት መስኮት ነው፤ መስኮቱ ግን የእነሱ፣
ሲሻቸው ይከፍቱታል፣ ሲሻቸው ይመልሱ።
ኡቡንቱ እንደ ቦርከና ነው፤ የሚቀዳ ያለ ዋጋ።"
ባዘዘው ሣቀ፦ "ቦርከናን ጠጥቶ ማን በጤና አነጋ?"

አንድ ከሰዓት አስሞከረኝ፤ አልዋሽም፣ ፈጣን ነበር፤
ፕሪንተሬ ግን ዘጋችው፣ ከቶ አልፈቀደች መናገር።
እነሱ እንደ ጎረቤት ወሰን ለወሰን ሲጋፉ
ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው ቀጠሯቸውን አሳለፉ።
ስንት የድንበር ክርክር ጽፌ፣ አላየሁም እንዲህ ያለ፣
መሬቱ የእኔ ሆኖ ሙግቱ በሰው አፍ የዋለ።

ሐሙስ ማታ እጅ ሰጠሁ። ባዘዘው ፍላሹን ሰካ፤
አሥራ አንድ "አልገባም" አለ፣ ማሽኗን በዓይኑ ለካ፤
"አንጎሏ ያንሰኛል" አለ፣ እንደ ኩሩ የአማች ቤተሰብ፤
"እሺ፣ አሥር ይሁን" አልን፣ ዝቅ አድርገን በማሰብ።
አሥር ከመቶ። ሃያ። ሻይ አስመጣን። ሠላሳ።
ሠላሳ አራት ላይ ደርሶ "እባክዎ አያጥፉ" ሲል፣
እኔ አላጠፋሁም፤
ያጠፋው መብራት ኃይል።

ዓርብ ረፋድ ነቃች፤ ፊቷ ሰማያዊ፣ የተኳለ፤
"ሰላም" አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ አንድም አማርኛ የለ።
ወይዘሮ ይታይሽ፣ ከሐይቅ ማዶ፣ በሌሊት ተነሥታ
የይዞታ ይግባኟን ልትወስድ መጥታለች ተሰናድታ።
ቀጠሮዋ ስምንት ሰዓት ነው። ፋይሉን ከፈትኩት፤
በፊደል ፈንታ በየመሥመሩ ይህንን አየሁት፦

□□□□ □□ □□□□□ □□□

ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ፀሐዩም ጸሎቱም
አንድ ዓይነት ባዶ ቤት፤ በሩም የለ፣ መስኮቱም።

ባዘዘው ጋ ደወልኩ፤ "ፎንቱ ነው ጋሼ፣ ቅዳሜ ልምጣ።"
ሙሄ ጋ ደወልኩ፤ "ብዬህ ነበር" አለ እንጂ መላ አላመጣ።

ወይዘሮ ይታይሽ አንገቷን አስግጋ
ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች።
"ምን ሆነ?"
"ፊደሉ ጠፋ፤ ይኸው፣ ሣጥን ብቻ ሆነ።"
"ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?
ለእኔ ድሮም እንዲህ ነው የሚታየኝ፤
ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን።
ውስጡን እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ።"

ዝም አልኩ።
እሷ ወንበሩን ሳበች፣ ነጠላዋን አደላደለች።
"ጻፍ" አለች።
"በምሥራቅ ገደሉ።
በምዕራብ የአደም ይመር ማሳ፤ ሟች ነው፣ ልጁን በል።
በሰሜን ወደ ወፍጮው የሚወጣው መንገድ።
በደቡብ አባቴ የተከለው ባሕር ዛፍ፤
ሦስቱን ቆርጠውታል፣ አራት ቀርቷል፤
አራት ብለህ ጻፍ።"

ከመሳቢያ እስክሪብቶ አወጣሁ፤
ቀለሙ በብርድ ደርቆ እንቢ አለ፣
በትንፋሼ አሞቅኩት።
መዝገብ ቤቱ የእጅ ጽሑፍ ይቀበል፣ አይቀበል፣ እንጃ።
"ባሕር"ን በሐመሩ ሐ ጻፍኩት፤ እጄ አልረሳውም።

ከጎኔ ማሽኗ አንድ ትንሽ ሣጥን ከፈተች፤
ይኸኛው ባዶ አልነበረም፦
አሁን አጥፍቼ ልነሣ፣ ወይስ ኋላ ላስታውስህ?

"ኋላ" አልኳት።
ወይዘሮ ይታይሽ ለእሷ የመለስኩ መስሏት
"የለም፣ አሁን ጻፍ" አለች።