የፊት ለፊቱ ደረጃ

አሥራ ዘጠኝ እርከን፣ ከጥቁር እንጨት፣
ከዋናው በር ተነሥቶ እስከ ጸሎት ቤት።
ጳጳስ ሲመጣ ይወጣዋል፣ መነኮሳቱ ይወርዱታል፤
ተማሪ ግን በጓሮ ነው፣ በሲሚንቶው፣ ሕጉ እንዲያ ይላል።
አንድ ቀን ብቻ ነው የተፈቀደልን፦
በሰባተኛው ዓመት፣ ስንሰናበት፣ ነጭ ለብሰን
አንድ በአንድ እንወርዳለን፣ ደወል እየተደወለልን።

እናቴ ጎሕ ሲቀድ ትደርሳለች፣
ከላይ ትጀምርና በጉልበቷ ወደ ኋላ ትወርዳለች፣
በግማሽ ኮኮናት ቅርፊት ሰሙን እየፈተገች።
ከሳን ፈርናንዶ ወደብ የመጀመሪያው አውቶቡስ ዳገቱን ሳይወጣ በፊት
ባልዲዋን አንጠልጥላ እልም፤ ያየቻት የለችም፣ አንዲት።

ከሁለት ሺህ ልጅ ሰባ ተመረጠ፤ ስማችን በጋዜጣ ወጣ፤
ሦስተኛው ዓምድ ግርጌ፦ «ባፕቲስት፣ ዩላሊ»፤ የእኔ ዕጣ።
ሰም የጠጣው ጣቷ ወረቀቱ ላይ ክብ አሻራ ጣለ፤
ስሜ ቅባት እንደ መጠጠ እስከ ዛሬ እንዲያው አለ።
«እንኳን ደስ ያለሽ» አላለችም፤ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፦
«ዋ! በፊት ለፊቱ እንዳትገቢ፤ ጫማ ይታተምበታል። በጓሮ በር!»

ላቲን ተማርን፤ የሞተ ቋንቋ ግስ አረባን፤
ማንጎ ስትመጥ መንገድ ላይ የታየች ተቀማች የባርኔጣዋን ሪባን።
ሰኞ ሰኞ እንንበረከካለን፣ ሲስተር ዊኒፍሬድ ቀሚስ ልትለካ፤
ውርደት ነው፣ ጫፉ ወለሉን ካልነካ።
ወለሉ ውስጥ ፊቴን አያለሁ፤
ማን እንዳበራው አውቃለሁ፤
ዝም እላለሁ።

አንድ ተረት ነበረን፣ ትልቋ ለትንሿ የምታወርሰው፦
ደረጃውን የሚወለውለው፣ አይደለም አሉ፣ ሰው።
መሥራቿ እናት ክሎቲልድ ሌሊት ከመቃብር ትነሣለች፤
ራጅዋንቲ፣ የፋርማሲው ልጅ፣ «ባልዲዋን ሰምቻለሁ» ብላ ማለች።
እኔም ማልሁ። «ነጭ ቀሚሷን አየሁ» አልሁ።
ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን
በቁሟ ሙት አደረግሁ።

ሐምሌ ላይ ነጭ ለበስን። ደወሉ ተደወለ።
ወላጅ በታጣፊ ወንበር ከታች ተኮለኮለ፤
አንዱ ወንበር ባዶ ነው፣
«ባፕቲስት» የተጻፈበት፣ መሐለኛው።
ስሜ ሲጠራ ቁልቁል አየሁ፤ ሰሙ እንደ ውሃ ያበራል፤
ጫማዬ አዲስ፣ ሶሉ ልሙጥ፣ ጉልበቴ ይርዳል።
ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት፦ በግራ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣
ሰም ያልነካው ቀጭን መሥመር፣
ከላይኛው እርከን እስከ ታችኛው፤
ስፋቱ የእኔን ጫማ ያህል፣ ቁጥር ሠላሳ ስድስት።

መደገፊያውን ሳልይዝ ወረድሁ።

ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ
«ተንሸራተትሽ?» አለችኝ።
«አይ» አልኋት። ሳሙናውን አቀበልኋት።
«የፋርማሲው ልጅ ግን» አለች ቆይታ፣ «አሥረኛው ላይ፣ ለጥቂት!»
ከየትኛው በር ጀርባ ሆና እንዳየች አልጠየቅኋት፤
ሳቅ አፈናት።