ስልሳ አንድ እርምጃ

ካርታውን የሣልኩት በቅጣት ደረሰኝ ጀርባ፤
እዚህ ጋ ድልድዩ፣ እዚህ ቁልቁለቱ፣ እዚህ ጋ ኩርባ።
ማስመሪያ ስላጣሁ፣ ባለቤቱ ያልመጣለትን መንጃ ፈቃድ
አስተኝቼ አሰመርኩ፣ ከአዳማ ወለንጪቲ የሚሄደውን መንገድ።
ኬላው ከኩርባው ሥር ነው፤ የምስር ፍሬ ያህላል፤
ለሚያደባ ድመት ይመቻል፤ ቆሞ ለሚያስቆም ግን ይገድላል።

እዚያ ነበር ገመዱ።
ናይለን ነው። አንዱ ጫፉ ግራር ላይ፣ ሌላው ኢጄታ እጅ ላይ።
ቢጫ ፌስታል ቋጥረንበት ነበር፣ ለሾፌር እንዲታይ።
ሌሊት ዘጠኝ ተኩል፣ ከጅቡቲ ስንዴ የጫነ ተሳቢ መጣ፤
ሾፌሩ አላንቀላፋ፤ አልቃመ፤ አልጠጣ።
ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው፤ እግሩ አልለገመም፤
አርባ ቶን ስንዴ ግን «ቁም» ሲሉት አይሰማም።

ፍርድ ቤት ቆሞ፣ «ገመዱን ያየሁት» አለ፣ «ከጎማዬ ሥር ነው።»
ዳኛዋ ጻፉ። እኔ ግን ከችሎት ወጥቼ የሄድኩት ልቆጥረው ነው።
ከኩርባው አፍ እስከ ግራሩ፣ በዩኒፎርም ጫማ፣ ሳልቸኩል፤
ስልሳ አንድ እርምጃ።
ተመልሼ ቆጠርኩ። ስልሳ አንድ።
የተጫነ መኪና ለመቆም የሚሻው የዚህን ሦስት እጥፍ ነው፤
ዝናብ ካለ ደግሞ እግዜር ይወቅ።
ስድስት ዓመት እዚያ ቆመናል።
ማንም እርምጃ አልቆጠረም። እኔም።

ኮማንደር ዘርጋው ደረሰኙን ተቀብለው
መጀመሪያ ያነበቡት የቅጣቱን ገጽ ነው።
ገለበጡት። ዝም አሉ። ከዚያ፣
«ኬላ በሩቅ ከታየማ፣ ኮንትሮባንዲስቱ ይመለሳል» አሉኝ።
«ይመለስ» አልኳቸው። «የተመለሰ ሰው አልገደለንም።
ለእሱ ሞተር ሳይክል ከጥርጊያው መንገድ አፍ አቆማለሁ፤
ለሌላው ግን መታየት አለብን፣ እንደ ሠርግ ቤት።»
«በጀትስ?»
አራት በርሜል ከመንገድ ሥራ ግቢ ለመንኩ፤ ቀይና ነጩን እኔው ቀባሁ።

አሁን ኬላው ቀጥታው ላይ ነው፣ ከኩርባው አራት መቶ እርምጃ ርቆ።
ቀድሞ ሰሌዳ፤ ቀጥሎ ኮን፣ መንገዱን ቀስ በቀስ የሚያጠብ፤
ፖሊሱ ከበርሜሉ ወዲያ እንጂ ወዲህ አይቆምም፤
ያለ አንጸባራቂ ሰደርያ ለሽንት እንኳ አይወጣም።
ከዳር ደግሞ ሠላሳ እርምጃ ባዶ መሬት ተውኩ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት።
ለሚቆመው አይደለም።
መቆም ላቃተው ነው።

የከበደኝ ይህን ባዶ ማስረዳት ነበር።
ቦንቱ ቆሎዋን አዝላ ኬላውን ተከትላ መጣች፤
ባዶ ቦታ ስታይ ጊዜ ጃንጥላዋን ተከለች።
«የማን ነው?»
«የማንም አይደለም።»
«እንግዲያው የኔ ነዋ!»
በየማታው ጃንጥላዋን ነቅዬ ወዲያ ማዶ አሻግራለሁ፤
በየማታው ትረግመኛለች፤
በየማታው ጭብጥ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ትጨምራለች።

የአዳማ ነፋስ ደግሞ ኮን አያከብርም፤
ከሰዓት ሲነሳ እንደ ዶሮ ያባርራቸዋል።
ስለዚህ ያንን ናይለን ከማስረጃ ክፍል ፈርሜ አወጣሁት።
ቆራረጥኩት።
በየኮኑ አንገት አንዳንድ ጥቁር ድንጋይ አሰርኩበት።
አንዱ ቁራጭ ላይ ቢጫው ፌስታል ቀርቶ ነበር። አልፈታሁትም።

ትናንት ሌሊት፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ አንድ ተሳቢ ከሩቅ መብራቱን ቀነሰ፤
ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብሎ በርሜሉ ጋ ደረሰ።
«ደግሞ እዚህ አመጣችሁት?» አለኝ ሾፌሩ፣ ወረቀቱን በመስኮት እየወረወረ።
አነበብኩ። መለስኩለት። ሄደ።
ፌስታሉ በነፋሱ ሲንኮሻኮሽ፣ ባዶው መሬት ባዶውን አደረ።