ጦይባ በሦስት ስክሪን

የጦይባን የኒካ ፎቶ በፍላሽ ቋጥሬ፣
ቧንቧ ውሃ ወረድኩ ብሬን ቆጥሬ ቆጥሬ።

እንድሪስ አበራልኝ ሰፊውን፣ አዲሱን፤
ኖራ ቀባው ፊቷን፣ በላው ጠይሙን።
«ያኛውስ?» አልኩት፤ አረንጓዴ ጣለባት፣
በኒካዋ ቀን ወባ የያዛት።

«ደምቋል እኮ!» ይለኛል። ቢደምቅ ምን ሊረባኝ?
እናቷ ናት ነገ «ልጄ የታለች?» የምትለኝ።

ከጥግ አንድ አሮጌ፣ ጠርዙ የተጫረ፤
አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ አበራው።
ሂናው ሂና ሆነ።
ጥቁር ሻሿ ከጥቁር ፀጉሯ ተለየ፣
ከቅንድቧ በላይ ያች የልጅነት ጠባሳ
እንኳ ሳትቀር ታየች።

«ስንት?»
«ግማሹን ዛሬ። ግማሹን ከጥር ሰርግ።»

በባጃጅ፣ በደሴ ጭጋግ፣ ታቅፌው ስወጣ፣
«ቀስ በል አንተ!» እላለሁ ጉድጓድ ሲመጣ፣
ሙሽራ እንደ ያዘ ሰው።