በማርሽ ውረድ

ሃያ ዓመት ወረድኩት፣ ሐረጎን ወጣሁት፣
ኩርባውን በሙሉ እግሬ ላይ ቀረጽኩት።
እግሬ ሁሉን ሲማር አፌ አልተማረ፤
«አለቀልኝ» እያለ ከዕድሜዬ ጋር ኖረ።

ጎማ ሲተነፍስ፣ ገና ሳልወርድ ሳላይ፣
«አለቀልኝ፣ በቃ!» እጄ በራሴ ላይ።
ትራፊክ ሲያቆመኝ ፈቃዴን ሳይጠይቅ፣
ሆዴ ክሱን ጽፎ ቅጣቱን ሲጠብቅ።
ሚስቴ ሀዋ መጥታ «ላናግርህ» ስትለኝ፣
«ምን ሆነ ደሞ?» ነው አፌ የሚቀድመኝ።
የልጃችንን ውጤት ደስ ብሏት ልትነግረኝ፣
ፊቴን አይታው ሄደች ወሬዋን ሳትሰጠኝ።

አፌ እንዲህ ነበር፤
ከሐሳቤ ቀድሞ የሚነሳ ሚኒባስ፣
ረዳቱን ጥሎ፣
በሩን ሳይዘጋ።

የሐምሌ ማለዳ፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣
ፒያሳን በሙሉ በነጩ ደምስሶ፣
አሥራ ሁለት ጭኜ ሐረጎ መሃል ስደርስ፣
የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ ቀስ በቀስ።
ፍሬኑ ላላብኝ። «አለቀልን!» አልኩኝ፤
ሁሉም አመድ ሲሆን በስፖኪዮ አየሁኝ።
ሽታውን ማን ሰምቶት? ጭሱን ማን አይቶት?
ያች አንዲት ቃሌ ናት ሰዉን ያነደደችው።

ረዳቴ አንዋር ግን፣ ከበሩ ሳይላወስ፣
«አብሽር» አለኝ፣ «አብሽር፤ ወደ ሁለት መልስ።»

ማርሹ አቃሰተ።
ሞተሩ እያጓራ ያዘን፣
እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ኋላ እየጎተተ።
ቦርከና ድልድይ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤
የሚያስቅ ነገር ሳይኖር።

ኮምቦልቻ ጋራዡ፣ ሙሄ ሥሯ ተኝቶ፣
የነደደ ሸራ አሳየኝ አውጥቶ።
«ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ፍሬኑ ምን በደለ?
ሁልጊዜ ተረግጦ እስከ ዛሬ ቻለ።
ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም ጌታው፤
ማርሽ ቀንስ ከላይ፣ ሳይጀምር ዝቅታው።»

ያን ማታ ሆጤ ላይ ጋደም ብዬ ሳስብ፣
«አብሽር» ያልኩትን ሰው ጀመርኩ ልሰበስብ፤
ልጁ የሞተበት፣ ከብቱ ያለቀበት፣
ፋብሪካው ዘግቶበት ሥራ የጠፋበት።
ለማንም ብያለሁ፣ ወሎ ላይ ተወልጄ፣
ለራሴ ግን አንዴ አላልኩትም ወድጄ።

በነጋታው ጀመርኩ። ቀላል አልነበረም።
ጎማ ተነፈሰ። «አለቀ—» ብዬ ዋጥኩት፤
ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
ጎማ ነው አልኩ። ጎማ ነው። ጎማ ይቀየራል።
አንዋር ሳቀብኝ።
በዚያ ሳምንት ሰባቴ ዘነጋሁ፣ ሁለቴ አስታወስኩ።
አንድ ባጃጅ አቋርጦኝ
የእናቱን ስም ሳላነሳ አለፈ፤
ያን ቀን ራሴን ሻይ ጋበዝኩት።

ደግሞ አልዋሽም።
ጉሙን ፀሐይ ነህ አልለውም፤ ጉም ነው።
መብራት አበራለሁ፣
ጥሩምባ አሰማለሁ፣
አብሽር እላለሁ፣
ማርሽ እቀንሳለሁ።

ትናንት ማታ ሀዋ «ላናግርህ» አለች፤
በሩን ተደግፋ ፊቴን ታነባለች።
ከሆዴ ተነሳ ያ የድሮው ጭሱ፤
ሁለተኛ አስገባሁ፤ ቀዘቀዘ እሱ።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አልኩ።

ደግ ወሬ አልነበረም፤
አከራያችን ከመስከረም ጀምሮ ኪራይ ጨምረዋል።
ሀዋ ግን ተቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች።
ስንት ዓመታችን ነው አብረን ስንኖር፤
አንድ ወሬ ከአፏ ወጥቶ
እስከ መጨረሻው ስሰማ
የመጀመሪያዬ ነው።