ደባል

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
«ቡሬ! ደንበጫ! ማርቆስ!» ብሎ እንዳመሉ
ጋሽ አንሙት ሲጮኽ ኖሮ፣ ማኅበሩ ራራ፦
«ድምፁን እንቅዳና ሞንታርቦ ይጣራ፣
እሱ ይረፍ» አለ። ይረፍ ማለት፣ ከሥራ።

ሱቄ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ናት፤ ፎቶ ኮፒ፣ ማኅተም፣
ለሁሉም አንድ ኮምፒውተር፣ ለሱም ዕረፍት የለም።
ማይኩን ሰካሁና «በል ተጣራ» አልሁት፤
ተጣራ። መልሼ በጆሮዬ ሰማሁት፦
ከ«ቡሬ» ሥር ንብ አለ፣ ቀፎው የሚያጉረመርም፣
ማውሱን ስገፋው ጢዝ፣ ስተወው ደግሞ ዝም፤
ዲስኩ ሲሽከረከር፣ ፋኑ ሲተነፍስ፣
ሁሉም ከሰው ድምፅ ጋር ተዳብሎ ሲደርስ።

ምን ይደረግ! የድምፁ ቤት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፤
ደባል ነው፤ በር የለው፣ ግድግዳው ያው አንድ ነው፤
ድስት ሲንተከተክ ከጓዳ ይሰማል፣
ጎረቤት ሲያስል ሌት፣ አብሮ ይታመማል።
አልዋሽም፤ ለዜና፣ ለዘፈን፣ ለፊልም
ደባሉ ይበቃል፤ ማንም አይለይም።
ሞንታርቦ ግን ክፉ ነው፤ ትንሿን ጉድፍ
አግዝፎ ያወጣል በመናኸሪያው ደጃፍ።

ለባህር ዳር ሾፌር ብር አስይዤ ላክሁ፤
ያገለገለ ሳውንድ ካርድ፣ በሳሙና ካርቶን ተጠቅልሎ፣ በሦስተኛው ቀን ተቀበልሁ።
በቡሎን አሠርሁት። የራሱ ክፍል አለው፣
የራሱ ግድግዳ፣ ጓዳው የማይሰማው።

«በል ጋሽ አንሙት፣ አንዴ።» ተጣራ። ቀፎው ባዶ፣
ንቡ ከነጢዝታው ወደ ዱር ተሰዶ፤
«ቡሬ!» አለ፤ ከጠራ ውኃ እንደ ወጣ ጠጠር።
ከዚያም ዝምታው ውስጥ፣ ከቃሉ ወዲያ ዳር፣

ፉጨት።
ቀጭን ፉጨት።
ገመዱን ቀየርሁት። ማይኩን አራቅሁት።
ካርዱን የሸጠውን ሰው ስድብ አዘነብሁበት።
«እስኪ ትንፋሽህን ያዝ» አልሁት፣ እንደ ቀልድ።
ያዘ።
ፉጨቱም ያዘ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የናፍጣ ጭስ የጠጣ
ደረት ውስጥ ደባል አለ፣ ኪራይ ሳይከፍል የመጣ።
ያ የማማው ጫጫታ ሸፍኖለት ኖሯል፤
ቤቱ ጸጥ ሲል ለካ መደበቂያ ያጣል።

«ቆርጠህ ጣለው» አለኝ፣ አብሮኝ ሲያዳምጠው።
ከፋይሉስ ቀላል ነው፤ አንድ ጣት ይበቃው።

ማሽኑን አጠፋሁ።
ከሰዓት ሆስፒታል ተሰለፍን፣ ሌላ ካርድ ልናወጣ።
መስኮቱ ውስጥ ያለችው ቀና ሳትል «ስም?» አለች።
ያ አውቶቡስ የሚያስቆም ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣
«አንሙት።»