ቁልፉ ላይ የተጻፈው

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ ገና ባዶ ጉድጓድ፣ የደረጃው ሲሚንቶ የሚረግፍ፤
ሥራዬ እዚህ ነው፦ መስታወት ላይ በር መሳል፣ መቅረጽ ቁልፍ።
ጥበቃው ጋሽ ሽብሩ «ለመሆኑ ምንድን ነው ሥራህ?» ሲሉኝ
«የሶፍትዌር ፊት እሠራለሁ» አልኳቸው፤ ቆም ብለው አዩኝ።
«ፊቱን አንተ ከሠራህ፣ ሆዱን ማን ይሠራለታል?»
«ሌሎች አሉ፣ ቦሌ ናቸው።»
«እንግዲያማ ይሻላል።»

የዚህ ወር ሥራዬ ወተት ነው፤ አቅራቢው የሚመዘገብበት፣
ሊትሩን ጽፎ፣ ዋጋውን አይቶ፣ ብሩ ስልኩ ላይ የሚገባበት።
ሚክያስ ደወለ፦ «ሰማያዊ ይሁን፣ ቀለል ያለ፣ የውጭ የሚመስል፤
ለአርብ አድርስ፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከርክክብ በኋላ፣ እንደ ውል።»

ሁለት ሌሊት ከፒክስል ጋር ታገልኩ።
«ወደ አካውንትዎ ይግቡ» ብል፣ ለእንግሊዝኛ በተሰፋ ቁልፍ
ጫፉ ወጣብኝ፣ ከታናሹ ሸሚዝ እንዳመለጠ የታላቅ ክንድ፤
ቆረጥኩት፣ ደግሜ ቆረጥኩት፣ ከቃሉ ሁሉ ቀረኝ አንድ።
እሱም ፆታ አለው ለካ፤ ለወንዱ «ግባ»፣ ለሴት «ግቢ»፤
ወተቱ የሴቶች ነው ብዬ «ግቢ» አልኩ፤ መሰለኝ ተገቢ።

ሐሙስ ከብሎኩ ጀርባ ወረድኩ፣ የቆርቆሮው በረት ካለበት፤
የአዴ ዲንቂቱ ነው፤ ሁለት ላም፣ ግማሹ ብሎክ የሚቀዳበት።
ስልኩን ሰጠኋቸው፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣
የልጃቸውን መነጽር ተውሰው ስክሪኑን ወደ ጥላው አስጠጉ።
የሙያው ደንብ እንዲህ ይላል፦ አትምራ፣ ጣታቸው የሚሄድበትን እይ፤
አፍህን ዘግተህ ቁም፣ ከዝምታቸው ስህተትህን ለይ።
ዝም አልኩ።
ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደረሰ፤ ቆመ።
ፊደል በፊደል አነበቡት፦ «ግ... ቢ።»
ቀና ብለው አዩኝ።
«የማን ግቢ?»

«አይ፣ እሱ መግቢያው ነው፤ ይግቡ ለማለት...» ላብ አጠመቀኝ።
እሳቸው ግን ከስልኩ በላይ፣ በዚያው ጣት ብሎኩን አሳዩኝ፦
«ሊፍት ያልገባበት ጉድጓድ አለ አይደል፣ ከደረጃው ሥር?
እዚያ ነበር የኔ ግቢ። አጥሩ ቁልቋል፣ ጎተራው ከዳር።
ቁልፍ አልነበረውም፤ የዋንዛ እንጨት ነበር መወርወሪያው፤
እንግዳ በጨለማ ቢመጣ እንኳ አይጠፋውም መግቢያው።»
በቁጣ አይደለም ያሉት። የላም ዕድሜ እንደሚናገር ሰው ነው።
ከዚያ «እሺ ልጄ፣ ልጫነው?» አሉ።
ተጫኑት።

አፑ አሰበ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ኔትወርኩ ሄደ።
«ያልታወቀ ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወረደ።
«ውይ!» አሉ፣ እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰብስበው፣
«ምን አጠፋሁ?»
ይህን ቀይ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት ቀይ አወዳድሬ ነው።

ማታ ስወጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ፤ የስልኬን ባትሪ አበራሁ፤
የሲሚንቶ ከረጢት፣ የውሃ ላስቲክ፤ ቁልቋል ብፈልግ አጣሁ።
መብራት ነበር፤ ላፕቶፑን ከፍቼ ቁልፉን በወርዱ አሰፋሁት፤
«ይግቡ» አልኩ። ቀዩንም ጽሑፍ ከነጭካኔው አጠፋሁት፤
በምትኩ፦ «ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

አርብ ጠዋት ሚክያስ ጻፈ፦ «ቆንጆ ነው። ግን አንቱታው ምንድን ነው?
ቦታ በላ፤ ‹ግባ› ብትለው ያልቃል፤ ለማን ብለህ ነው?»
ብዙ ጽፌ ሰረዝኩ። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ዋንዛው እንጨት።
በመጨረሻ «አከራዬ ናቸው» አልኩት።

አልገባውም መሰለኝ።
ግማሹም ክፍያ እስካሁን አልገባም።